ከቀለሙ በፊት

ሱዡ ከተማ ውስጥ፣ ከቦዩ ዳር፣ ከድልድዩ ማዶ
ወረቀት እጠግናለሁ፤ መስኮቴ ሰሜን ነው፣ ክፍሌም በረዶ።
ሙያዬ ሙጫ ነው፤ የስንዴ ዱቄት፣ ውሃና ትዕግሥት፣
የዘንባባ ብሩሽ፣ የቀርከሃ ቢላዋ፣ አንድ ጎባጣ መብራት።

ባለፈው በመጸው፣ ዝናቡ ሳያባራ
ሁለት ሰዎች መጡ ከሙዚየሙ፣ ሳጥን ይዘው በጋራ።
ከሳጥኑ ውስጥ፣ እንደ አራስ ልጅ በሐር ተጠቅልሎ
የመነኩሴ ሚንቱዎ ግጥም፤ ዘጠኝ መቶ ክረምት በመደርደሪያ ውሎ።

አራት መስመር ናት፤ ሃያ ፊደል ጠቅላላ፤
ዐሥራ ዘጠኙ አሉ፤ አንዱን ግን ብል በላ።

    ጀልባው ተሻገረ፤ ቀዛፊው ዋጋ አልጠየቀኝም፤
    ጉም ነው ማዶው፣ ጉም ነው ወዲህም።
    የደወሉ ድምፅ ገደል ገባ፣ አልተመለሰም፤
    በባዶ እጄ ላይ ያለው (      ) አይከብደኝም።

በዚያች ቀዳዳ ስንት ምሁር ተጣላ!
አንዱ «ጨረቃ ነው» ብሎ ሦስት ቅጽ ጻፈ፣
አንዱ «ጤዛ ነው» ብሎ በተማሪው ፊት ተዘለፈ፤
ሌላው «በትር ነው» አለ፤ «መነኩሴ ያለ በትር የት ያልፋል?»
እሱም ሞተ። ተማሪው ዛሬም «በትር» ብሎ ይጽፋል።

ባለጠጎቹ ደግሞ፣ ሲገዟት ሲሸጧት፣
ስማቸውን በቀይ ማኅተም እየቀረጹ ረገጧት፤
ሚንቱዎ ለጉሙ ብሎ የተወው ነጭ ወረቀት
ዐሥራ አንድ ማኅተም፣ እንደ ኩፍኝ ወጣበት።

እኔ ምሁር አይደለሁም። ሥራዬ ማራስ ነው።
በግንባሯ ደፍቼ ጀርባዋን በለብታ ውሃ አራስኩት፤
የተለጠፈባትን ንጣፍ በንጣፍ ገፈፍኩት።
የቀድሞ ጠጋኝ እጅ ታየኝ፤ ችኩል፣ ሙጫ አብዝቶ።
በልቤ ሰደብኩት፤ ኋላ ግን አዘንኩ፤
ማን ያውቃል፣ ልጅ ታሞበት ይሆናል፣ እንቅልፍ አጥቶ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከመጨረሻው ንጣፍ ሥር
ራሷ ወረቀቷ ወጣች፤ ሻካራ፣ ገለባ ያለባት፣ የቀርከሃ ክር።
የጨው ነጋዴ መዝገብ ቅዳጅ ኖራለች፤ ጠርዟ ላይ በሌላ እጅ
«ሁለት ቁና ጨው፤ ያልተከፈለ» ይላል።
ድሃ መነኩሴ ሌላ ወረቀት ከየት ያመጣል?

አጉሊ መነጽሬን አወረድኩ።
ብል ከቀለም በኋላ ሲመጣ ጠርዙ ንጹሕ ነው፤
እንደ መቀስ ይቆርጣል፣ ፊደሉን ከወገቡ ይጥላል።
የዚች ግን ከንፈሯ ቀለም ጠጥቷል፤
የጎረቤቷ ፊደል ጭራ እስከ አፏ መጥቶ
ታጥፎ ተመልሷል።

ቀዳዳው ቀደመ።
ግጥሙ ኋላ መጣ።

የጠፋ ቃል የለም። ሚንቱዎ ብሩሹን ነክሮ፣
ከጨው ነጋዴ የለመናትን ቅዳጅ ጉልበቱ ላይ ወጥሮ፣
እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ ምናልባት ፈገግ አለ፤
ቃሉን ብል ቀድሞ ጽፎለት ነበርና
ዘሎት ቀጠለ።

ተለማማጄ ሻውቺን ዘላ ተነሣች፤ ቀላ ፊቷ፤
«እንናገር እንጂ!» አለች በዚያ በቀጭን አንደበቷ።
«ለማን?» አልኳት። ደግሞም ተናገርኩ፤
በሥራ መዝገቡ ላይ በእርሳስ «ቀዳዳ፤ ከቀለሙ በፊት» ብዬ አሰፈርኩ።
እስከ ዛሬ የደወለ የለም።

ከሙዚየሙ የመጣው ትእዛዝ «ይደፈን» ይላል፤
የሙያው ሕግም ያው ነው፣ የሚመስል ወረቀት ተፈልጎ፣ በሻይ ቀልሞ ይለጠፋል።
ሠላሳ ዓመት ደፍኛለሁ፤ የአይጥ ጥርስ፣ የሻማ ቃጠሎ፣
የጦርነት ጥይት ሳይቀር ያለፈበትን።
ይቺን አልደፈንኩም። መልስም አዘጋጅቻለሁ ለሚጠይቀኝ፤
እስካሁን ግን አልጠየቁኝም፣ መልሱም እየረሳሁት ነው መሰለኝ።

አዲሱን ጀርባ ሳልለጥፍባት በፊት፣ አንድ ማለዳ
በሳሳ ሐር ላይ አንሥቼ ወደ መስኮቱ ያዝኳት።
በቀዳዳዋ፣ ከስንዴ ቅንጣት በማትበልጠው፣
ቦዩ ታየኝ፤ የጋዝ ሲሊንደር የጫነ ጀልባ ሲያልፍ፣
ቀዛፊው አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ።
የእኛ ቀዛፊ ዋጋ ይጠይቃል፤ ለዚያውም ይጨምራል ሲዘንብ።

ሻውቺን «ምን ይታይሻል?» አለችኝ።
ቦታዬን ለቀቅኩላት።